ሪቻርድ ሣልሳዊ እውነት የወንድሙን ልጅ ሊያገባ ነበር?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ ወሎየዎችም ሌሎቻችሁም። ከደሴ ነኝ። ታሪክ አልተማርኩም፣ ሥራዬም ሌላ ነው፤ ግን የነገሥታት ወሬ ሲነሣ እንቅልፍ የለኝም።

ሰሞኑን ስለ እንግሊዙ ንጉሥ ስለ ሪቻርድ ሣልሳዊ እያነበብኩ ነው። በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሌስተር ከተማ ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሥር አፅሙ የተገኘው ሰውዬ ማለቴ ነው። በ2015 ካቴድራል ውስጥ በክብር ቀበሩት። እስከዚህ ጥሩ። ከዚያ ግን አንድ ነገር አነበብኩና ደርቄ ቀረሁ። በ1485 ሚስቱ ንግሥት አን በሞተችበት ሰሞን፣ እንዲያውም ገና ሳትሞት፣ የገዛ ወንድሙን የንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛን ልጅ ኤልሳቤጥን ሊያገባ ነው ተብሎ አገር ምድሩ ያወራ ነበር። እሷ 19 ዓመቷ፣ እሱ 32።

ቤት ቡና ላይ ይቺን ጣል ባደርጋት ጉድ ፈላ። እኛ ቤት የወሎ ቤት ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ረከቦት ዙሪያ ነው የሚቀመጠው፤ በሌላው የማይስማሙት ሁሉ በዚህ አንድ ሆኑ። "የወንድም ልጅ ማለት እንደ ራስ ልጅ ናት፣ ምን ሚስት ትሆናለች!" እትየማ ፍንጃሏን አስቀምጣ "ንጉሡ ባያስበው እንኳ ያወራው ሰው አፉን ይታጠብ" አለች።

እና የምታውቁ ካላችሁ፦ ወሬው ከየት መጣ? ንግሥቲቱን መርዟታል የሚባለውስ? ልጅቷ ራሷ ምን ትል ነበር? ደግሞ ያልገባኝ፣ ሪቻርድ ዙፋን ላይ የወጣው የወንድሙን ልጆች ዲቃላ ናቸው አሰኝቶ አይደል እንዴ? ዲቃላ ያላትን ልጅ ንግሥት ሊያደርግ?

—

ቦርከና

እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን "አይሆንም፣ በእናት በኩል ትገናኛላችሁ" ተብሎ ስንቱ ሽምግልና ደጅ ላይ ቀርቷል፤ ሰውየው አንድ ቤት እንኳ መቁጠር አቃተው 😂 ለማንኛውም ቁጭ ብያለሁ፣ የሚያውቅ ይጻፍ።

—

የሐይቁ መምህር

ወንድሜ የጦሳ ልጅ፣ ሸጋ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ለይተህ ያዝ። ወሬው ነበር ወይ? ያለ ጥርጥር ነበር። ሐሳቡ ነበር ወይ? ጭቅጭቁ እሱ ላይ ነው።

ወሬው መኖሩን በእርግጠኝነት የምናውቀው ንጉሡ ራሱ አደባባይ ወጥቶ ስለካደ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1485 ለንደን ክለርከንዌል በሚባለው ሰፈር፣ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ታላቁ አዳራሽ፣ የከተማው ከንቲባና ታላላቅ ነዋሪዎች በተሰበሰቡበት ቆሞ "ይህን ጋብቻ አስቤው አላውቅም፣ በንግሥቲቱም ሞት ልቤ አዝኗል እንጂ አልተደሰትኩም" አለ። ይህ በለንደን የጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ወሬውን የሚያዛምቱትን ይዛችሁ አምጡ ብሎም አዘዘ። እስቲ አስበው፣ ሚስቱን ከቀበረ ገና ሁለት ሳምንት ነው። ንጉሥ ሐዘን ላይ ተቀምጦ "የወንድሜን ልጅ አላገባም" ብሎ ለነጋዴ መሐላ የሚገባው ነገር ምን ያህል ቢደርስበት ነው?

ዝርዝሩን የምናገኘው በክሮውላንድ ገዳም ከተጻፈው ዜና መዋዕል ነው። ጸሐፊው ስሙ አይታወቅም፤ ግን ለቤተ መንግሥቱ በጣም ቅርብ የነበረ ሰው ለመሆኑ አጻጻፉ ይመሰክራል። የጻፈው ደግሞ ነገሩ ከሆነ አንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ሪቻርድ ሞቶ ጠላቱ ሲነግሥ ነው። ይህን ልብ በል።

እሱ እንደሚለው ነገሩ የጀመረው በ1484 የገና በዓል ነው። በበዓሉ ጭፈራ በዛ፤ ንግሥት አንና ወጣቷ ኤልሳቤጥ በቀለምም በስፌትም የሚመሳሰል ልብስ ለበሱ። ጳጳሳቱና መኳንንቱ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ሕዝቡም ማማት ጀመረ። ልብስ ብቻ ነው? አዎ፣ ልብስ ብቻ ነው። ግን በዚያ ዘመን ማን ምን ይልበስ የሚለው በሕግ የተደነገገ ነገር ነው፤ እንደ ንግሥት የለበሰ ሰው ዝም ብሎ አይታለፍም። በሌላ በኩል ደግሞ ንግሥቲቱ ራሷ ለልጅቷ ከጨርቋ ሰጥታት ሊሆን ይችላል፣ ቤተሰብ ናቸው። እኔ በልብሱ ብዙም አልመዝንም።

ከገና በኋላ ንግሥቲቱ ታመመች። ንጉሡ ሐኪሞች ከልክለውኛል ብሎ ከመኝታዋ ራቀ። ዜና መዋዕሉ ይህን በጥርጣሬ ነው የሚያወራው። እንግዲህ ሐኪም ከመኝታ ከከለከለ በሽታው ተላላፊ ነው ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ብዙዎች የሳንባ ነቀርሳ ነበር ብለው የሚገምቱት። መርዝ የሚባለውን የሚያረጋግጥ አንዳች ነገር የለም። ባልና ሚስቱ አንድ ልጃቸውን ኤድዋርድን በሚያዝያ 1484 ቀብረዋል፤ ያው ዜና መዋዕል ሁለቱም ከሐዘን ብዛት እብደት ደርሰው ነበር ይላል። አን የሞተችው ደግሞ መጋቢት 16 ቀን 1485 ነው፣ ፀሐይ በጨለመችበት ቀን። የፀሐይ ግርዶሽ። ወሬኛ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

አሁን ዋናው። ወሬው ሲበረታ ሁለቱ የቅርብ አማካሪዎቹ፣ ዊልያም ኬትስቢና ሪቻርድ ራትክሊፍ፣ ፊት ለፊት ተቆጡት። አን የታላቁ የዋሪክ መስፍን ልጅ ናት፤ የሰሜኑ ሰው ሪቻርድን የወደደው በእሷ ቤት በኩል ነው። "ይህን ካልካድህ ሰሜን ይነሣብሃል፣ ሚስቱን ገድሎ የወንድሙን ልጅ አገባ ይሉሃል" አሉት። ከአሥራ ሁለት የሚበልጡ የነገረ መለኮት ሊቃውንትም አመጡ፤ ሊቃውንቱ የሮማው ጳጳስ እንኳ ይህን ዝምድና መፍታት አይችልም ብለው መሰከሩ።

ሊቃውንት ተጠርተው ከተጠየቁማ ቢያንስ በምክር ቤት ደረጃ ነገሩ ተነሥቷል ማለት ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ሐሳቡ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ከዚያ አልፎ ግን አልሄደም።

—

የፒያሳው

መምህር እናመሰግናለን፣ ግን እርስዎም እኮ ለዘብ አድርገው ነው የጻፉት። እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም። ሁለት የወንድሙ ወንዶች ልጆች፣ የ12 ዓመቱና ከሱ የሚያንሰው፣ ለንደን ግንብ ውስጥ በእጁ ገብተው ደብዛቸው የጠፋ ሰውዬ ነው። ይኼንን ያደረገ ሰው የወንድሙን ሴት ልጅ ከማግባት ምን ያግደዋል? "ካደ" ይባላል። ያልካደ ማን አለ?

—

አምባሰሏ

ሰላም። የፒያሳው፣ ጭሱን ያየኸው አንተ ነህ፤ እኔ ደግሞ ማን እንዳጨሰው ነው የማየው።

መምህር የዘለሏት አንዲት ነገር አለች። ያው ዜና መዋዕል ኬትስቢና ራትክሊፍ ለምን እንደዚያ እንደተንጨረጨሩ ይናገራል። በ1483 የኤልሳቤጥ አጎት ሪቨርስና በእናት የምትገናኘው ወንድሟ ሪቻርድ ግሬይ አንገታቸው ተቆርጧል። ይህን ከመከሩት መሀል እነሱ አሉበት። ልጅቷ ንግሥት ብትሆን የመጀመሪያ ሥራዋ ምን ይሆናል ብለው ፈሩ? ደም መመለስ። ስለዚህ ስለ ሥጋ ዝምድናና ስለ ጳጳስ ያን ሁሉ ሊቅ የሰበሰቡት ለነፍሱ አዝነው አይደለም፣ ለአንገታቸው ነው። ደግሞ አማካሪ ጌታው የማይሆን ነገር ገና ሳያስበው ቀድሞ ይፈራል፤ "ተቆጡት" ማለት "ሊያገባ ነበር" ማለት አይደለም።

የጦሳ ልጅ ያልከው ዋናው ቋጠሮ ነው፤ በዲቃላው ነገር። በጥር 1484 ፓርላማው የኤድዋርድ አራተኛና የልጅቷ እናት የኤልሳቤጥ ውድቪል ጋብቻ ፈራሽ ነው፣ ቀድሞ ለሌላ ሴት ቃል ገብቶ ነበርና ልጆቹ ሁሉ ዲቃላ ናቸው ብሎ አጸደቀ። የሪቻርድ ዙፋን የቆመው በዚህች ወረቀት ላይ ነው። ልጅቷን ቢያገባ ጥቅም የሚያገኘው ሕጋዊ ልጅ ከሆነች ብቻ ነው። ሕጋዊ ከሆነች ደግሞ ወንድሞቿም ሕጋዊ ናቸው። ወንድሞቿ ሕጋዊ ከሆኑ እሱ የሰው ዙፋን ላይ ነው የተቀመጠው፤ ሕዝቡም "ታዲያ ልጆቹ የት አሉ?" ማለቱ አይቀርም። ዲቃላ ሆና ቢያገባት ምንም አይጠቅመው፣ ሕጋዊ አድርጎ ቢያገባት ዙፋኑን በእጁ ያፈርሳል። ሰውየው ክፉ ነው በሉኝ እሺ፤ ሞኝ ነው ግን አትበሉኝ።

"ለምን ያወራሉ ታዲያ?" ካላችሁ፣ አንድ መልስ የሪቻርድ የዙፋን ባላንጣ የነበረው፣ ፈረንሳይ ተሰዶ የተቀመጠው ሄንሪ ቱዶር ነው፤ በኋላ ድል አድርጎ የነገሠው ማለቴ ነው። በ1483 የገና ዕለት ሬን ከተማ ካቴድራል ውስጥ "ዙፋኑን ስይዝ ኤልሳቤጥን አገባለሁ" ብሎ ምሏል። የኤድዋርድን ወገኖች ያሰባሰበው በዚህች ቃል ነው። ስለዚህ ልጅቷን ማን ያገባታል የሚለው ጥያቄ የፍቅር ሳይሆን የዙፋን ጥያቄ ሆነ። ማግባት ባይፈልግ እንኳ ሪቻርድ ከሄንሪ እጅ ማስጣል አለበት።

አጎት ደግሞ የወንድሙን ወይ የእህቱን ልጅ መዳር ሥራው ነው። እኛ አገር ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ አምባሰል የተወለደችውን እቴጌ መነንን ተመልከቱ። የወይዘሮ ስህን ልጅ፣ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናት። ለተፈሪ መኮንን የዳሯት አጎቷ ልጅ ኢያሱ ናቸው፤ ወሎንና ተፈሪን ለማስተሳሰር ብለው። ሪቻርድም መጋቢት 1 ቀን 1484 ለልጆቹ እናት በጳጳሳትና በመኳንንት ፊት ምሎ ያለው ይህንኑ ነው፤ ከተጠጉበት ቤተ ክርስቲያን ይውጡ፣ ክፉ አይነካቸውም፣ ለጨዋ ልጅ እድራቸዋለሁ፣ ለእያንዳንዷም በዓመት 200 ማርክ የሚያስገባ መሬት እሰጣለሁ አለ። ታናሿን ሴሲሊን በእርግጥም ድሯታል። የኤልሳቤጥ ነገር የከበደው የበኩር ልጅ ስለሆነች ነው።

—

የጦሳ ልጅ

አምባሰሏ ወላሂ አሳመርሽው፣ አሁን ገባኝ። ግን ልጅቷስ? አንድ ደብዳቤ ጻፈች ሲባል አንብቤያለሁ፣ "ንግሥቲቱ መቼ ነው የምትሞተው" የሚል። እንዲህ ከጻፈች እኮ ሌላ ነገር ነው።

—

ዶሮ ጠባቂ

ደብዳቤውን ለኔ ተዉት፣ ከዚህ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ጆርጅ ባክ የሚባል ሰው በ1619 ስለ ሪቻርድ ታሪክ ጻፈ፣ ለሪቻርድ ጠበቃ ሆኖ ማለት ነው። በዚያ ውስጥ በኤልሳቤጥ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ አይቻለሁ ይላል። የተጻፈው ለኖርፎክ መስፍን ለጆን ሃዋርድ ነው። ባክ ጨምቆ እንዳቀረበው፣ ልጅቷ መስፍኑን "በጋብቻው ጉዳይ ከንጉሡ ጋር አማላጅ ሁነኝ" ትላለች፤ ንጉሡ በዚህ ዓለም ያለ ደስታዋ እንደሆነና በልብም በሐሳብም የእሱ እንደሆነች ትጽፋለች፤ ከዚያ የካቲት እያለቀ ነው፣ ንግሥቲቱ ጨርሶ የማትሞት መሰለኝ የሚል ቃል ይመጣል።

በቃ ተፈረደባት አይደል? ቆዩ።

ደብዳቤውን ከባክ ሌላ አየሁ ያለ ሰው የለም፣ ዛሬም የለም። የባክ የእጅ ጽሑፍ ራሱ በ1731 ቃጠሎ ዳር ዳሩ ተበልቷል፤ የተቃጠለው ቦታ ደግሞ ልክ ወሳኙ ላይ ነው። ከዚያ በፊትም በ1646 የባክ ዘመድ ጽሑፉን እንደፈለገ እየቆራረጠና እየቀጠለ አሳትሞታል፤ ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ያነበበው ያንን ነው። ስለዚህ "በጋብቻው ጉዳይ" ሲል የማን ጋብቻ? ከማን ጋር? በግልፅ አይነበብም።

እዚህ ጋ ፖርቱጋል ትገባለች። አን በሞተች በሳምንቱ ገደማ ሪቻርድ ኤድዋርድ ብራምፕተን የሚባለውን ሰው ወደ ፖርቱጋል ላከ። የተጠየቀው ጋብቻ ድርብ ነው፤ ንጉሡ ራሱ የፖርቱጋልን ንጉሥ እህት ጆአናን ሊያገባ፣ ኤልሳቤጥ ደግሞ የቤጃውን መስፍን ማኑኤልን ልታገባ። ማኑኤል በኋላ የፖርቱጋል ንጉሥ ሆኗል። እንግዲህ አስቡት፤ የኤልሳቤጥ ሰርግ በንጉሡ ሰርግ ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ንጉሡ ደግሞ ሚስቱ በሕይወት እያለች ሊያገባ አይችልም። አን እንደማትድን የታወቀ ከሆነ ነገሩ ከሞቷ በፊት ቤተ መንግሥት ውስጥ ተወርቶ ነበር ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ "የምትሞተው መቼ ነው" ያለችው አጎቷን ልታገባ ሳይሆን የራሷን ሰርግ ጠብቃ ሊሆን ይችላል። ለንግሥቲቱ የሚያዝን ልብ አላት ማለቴ አይደለም፣ ቃሉ ጨካኝ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ናት፤ ሁለት ወንድሞቿ ጠፍተዋል፣ እሷ ዲቃላ ተብላለች፣ መውጫ በር ትፈልጋለች።

ጆአና እንኳ ባል የምትፈልግ ሴት አልነበረችም። አቬይሮ ከተማ ገዳም ገብታ የተቀመጠች፣ የመጣላትን ባል ሁሉ የመለሰች ናት። የሪቻርድ ሞት በሕልም ተነግሯት ለወንድሟ ነገረችው ተብሎ ይተረካል፤ ያመነ ይመን።

—

የባቲ ሰኞ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ቦርከና የቀለድከውን እኔ በቁም ነገር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቆጠርኩት። ሚስቴ የክርስቲያን ቤት ልጅ ናት፣ ስንጋባ አማቾቼ እንዴት እንደሚቆጥሩ አይቻለሁ 😅

ሪቻርድና ኤልሳቤጥ፣ ይኼስ አይቆጠርም፣ የሱ አባት የሷ አያት ነው። ግን ሌሎቹን ተመልከቱ። ሪቻርድና ሚስቱ አን፤ የሱ እናት ሴሲሊና የአን አባት አባት ወንድምና እህት ናቸው። ስለዚህ እሱ በሁለት፣ እሷ በሦስት ቤት ራልፍ ኔቪል ላይ ይገናኛሉ። ቀድሞም የሥጋ ዘመዱን ነው ያገባው ማለት ነው። ፖርቱጋላዊቷ ጆአና በአራት ቤት፣ ሪቻርድ በሦስት ቤት ጆን ጎንት በሚባለው መስፍን ይገናኛሉ። ንጹሕ ነው የተባለው የሄንሪና የኤልሳቤጥ ጋብቻ ራሱ፣ እሷም እሱም በአራት ቤት ያው ጆን ጎንት ላይ ይገጥማሉ። በአማቾቼ አቆጣጠር ከነዚህ ሁሉ አንዱም አያልፍም። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ይመለሳሉ።

የገረመኝ ደግሞ ድሮ እነሱም ሰባት ይቆጥሩ ነበር። በ1215 በሮማ የተደረገው የላተራን ጉባኤ ነው ከሰባት ወደ አራት ያወረደው። ከአራት በታች ያለው ደግሞ ገንዘብና ወዳጅ ላለው ሰው ከጳጳሱ ፈቃድ ይመጣለታል፤ ሄንሪም ኤልሳቤጥን ሲያገባ ፈቃድ አስወጥቷል። ስለዚህ ትልልቆቹ ቤቶች ሁሉ በፈቃድ የተጋቡ ዘመዳሞች ናቸው። ሕዝቡ ያንን ለምዶታል። የወንድም ልጅ ሲሆን ግን የለመደውም ሰው ሆዱ እምቢ አለ።

በእኛ በኩል የአጎት ልጅ ይፈቀዳል፣ የወንድም ልጅና የእህት ልጅ ግን በሱረቱ ኒሳእ በስም ተጠርተው ሐራም ናቸው። በአገሩ የቤተሰብ ሕግም አጎት የወንድሙን ልጅ ማግባት አይችልም። እና ቤታችሁ ውስጥ ሁሉም አንድ የሆነው ለዚህ ነው የጦሳ ልጅ፣ አብሽር።

አንድ ነገር ግን ለመምህር። ሊቃውንቱ "ጳጳሱ ይህን መፍታት አይችልም" ያሉት ብዙም አልቆየም። በ1496 የኔፕልሱ ንጉሥ ፌርዲናንድ ሁለተኛ የአባቱን እህት አገባ። በ1570 የስፔኑ ፊሊፕ ሁለተኛ የእህቱን ልጅ አናን አገባ፣ በጳጳስ ፈቃድ፤ ቀጣዩን ንጉሥ የወለደችው እሷ ናት። ስለዚህ "የማይቻል ነበር፣ ስለዚህ አላሰበውም" የሚለው ክርክር አያስኬድም። ይቻል ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ነው ያልተቻለው።

—

የፒያሳው

በሉ እንግዲህ፣ የባቲው ራሱ "ይቻል ነበር" አለ። እና እኔ ምን አልኩ?

ደግሞ ሌላ ጸሐፊ አለ፣ ፖሊዶር ቨርጂል። ሪቻርድ ሚስቱ መካን ናት ብሎ ለዮርክ ሊቀ ጳጳስ እንዳማረረ፣ ሳትሞት ሞተች ብሎ እንዳስወራ፣ እሷም እያለቀሰች "ምን በደልኩህና ሞት ፈረድክብኝ?" ብላ እንደጠየቀችው ጽፏል። ይኼ ሁሉ ፈጠራ ነው?

—

የሐይቁ መምህር

የፒያሳው፣ ቨርጂል እንግሊዝ አገር የገባው በ1502 ነው። የጻፈው ደግሞ ለቱዶሮቹ ቤት ነው። ንግሥቲቱ ስታለቅስ ከበሩ ኋላ አልነበረም። የሚጠቅመኝ ሌላ ቦታ ነው፤ ወሬው ፈረንሳይ ድረስ ደርሶ ሄንሪ ቱዶር በጣም እንደተጨነቀ፣ ኤልሳቤጥ ካመለጠችኝ ብሎ ከኸርበርት ቤት ሌላ ሴት ለማግባት እስከማሰብ እንደደረሰ የጻፈው እሱ ነው። ይህን ለቱዶር የሚጽፍ ሰው ከሜዳ አይፈጥረውም፣ ጌታውን አያስከብርምና። ከዚህ የምረዳው ወሬውን ሄንሪ እንዳልፈጠረው ነው። አምባሰሏ እዚህ ላይ ትንሽ አልፋለች ባይ ነኝ፤ ተጠቅሞበታል፣ ግን መጀመሪያ ራሱም አምኖት ደንግጧል።

እኛም እኮ የንጉሥ ሐሜት ምን እንደሚሠራ ወሎ ላይ ሆነን ልንስተው አይገባም። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 17 ቀን 1909 በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሰለሙ ተብለው። በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ኢያሱ ከሙስሊሙ ጋር ተዛምደዋል፣ ተቀራርበዋል፣ ያ እውነት ነው። "ሰልመዋል" ወደሚለው የተሸጋገረው ግን ዙፋኑን የሚፈልግ ሰው ስለነበረ ነው። አንዲት እውነተኛ ነገር ትኖራለች፣ የቀረውን ወሬ ይቀጥልላታል። በሪቻርድ በኩል እውነተኛዋ ነገር ልብሱ ነው፣ የሚስቱ ሕመም ነው፣ ልጅ አልባ መቅረቱ ነው፣ ግንብ ውስጥ የጠፉት ልጆች ናቸው። በነዚህ ላይ ማንም የፈለገውን ይቀጥላል። የፒያሳው ያነሣኸው የልጆቹ ነገር ስለዚህ ከባድ ነው፤ አገባ አላገባ የሚለውን አያረጋግጥም፣ ግን ሲክድ ለምን ማንም እንዳላመነው ያስረዳል። ዜና መዋዕሉም ካደ ካለ በኋላ "ብዙዎች እንደሚሉት ከራሱ ፈቃድ ይልቅ በአማካሪዎቹ ፈቃድ" ብሎ ይጨምራል።

—

የፒያሳው

እሺ መምህር፣ የኢያሱን ነገር አልከራከርዎትም። አንድ ብቻ ይመልሱልኝና ዝም እላለሁ። ንጹሕ ከሆነ ልጅቷን ለምን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ ሰሜን ሸሪፍ ሃተን የሚባል ግንብ ላካት? ሰው የሚደብቀው የሚፈልገውን ነው።

—

አምባሰሏ

ይኼን እኔ ልመልስ። ሸሪፍ ሃተን ብቻዋን አይደለም የነበረችው። የሌላ ወንድሙ የክላረንስ ልጅ፣ የዋሪኩ ኤድዋርድም እዚያው ነበር። እሱ ገና ልጅ ነው፣ ደግሞ ወንድ ነው፣ ማንም ሊያገባው አላሰበም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርጋቸው የዮርክ፣ ማለትም የሪቻርድና የወንድሞቹ ቤት፣ ደም ብቻ ነው። ሄንሪ ሊመጣ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚይዘው እነሱን ነው። በነሐሴ 7 ቀን 1485 ዌልስ ላይ አረፈ፣ በዚያው ወር በ22 ቦዝወርዝ ላይ በጦርነት ሪቻርድ ሞተ። ከዚያ ሄንሪ መጀመሪያ ሰው የላከው ወዴት ይመስልሃል? ሸሪፍ ሃተን። ልጅቷን ለንደን አመጣት፣ ልጁን ደግሞ ግንብ ውስጥ ከተተው፤ በ1499 አንገቱን እስኪያስቆርጠው ድረስ።

ኤልሳቤጥን ጥር 18 ቀን 1486 አገባት። ዲቃላ ያሏትን የፓርላማ ሕግ ግን ሽሮ ብቻ አልተወም፤ ይዘቱ ሳይነበብ ይሻር፣ ቅጂ ያለው ሁሉ ያስረክብ፣ ይጥፋ አለ። የማይወደውን ወሬ በአዋጅ ለማጥፋት የሞከረው ሪቻርድ ብቻ አይደለም እንግዲህ። አንድ ቅጂ ግን ተርፎ ነው እኛ የምናነበው።

—

ቦርከና

የፒያሳው ዝም እላለሁ ብለሃል፣ ቃልህን ጠብቅ 😂 የጦሳ ልጅ፣ ለእትየ የባቲውን ቆጠራ አንብብላት፣ ጆን ጎንት የሚሉትን ሰውዬ እሷ ራሷ ትረግመዋለች።